ፕሮቲንን መመዘን፦ ማስ ስፔክትሮሜትሪና የአገራችን ወባ

ትኩሳት የያዘው ሰው ደሙን ተመርምሮ «ወባ የለም» ሲባል ነገሩ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ በእርግጥ ወባ የለበትም፤ ወይም መመርመሪያው እንዲፈልግ የተሠራለት ምልክት በደሙ ውስጥ አልተገኘም። እነዚህ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። በአገራችን፣ በተለይም በሰሜንና በምዕራብ ጠረፍ፣ ይህ ልዩነት የሰው ሕይወት ሊያስከፍል የሚችል ሆኗል። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው የልዩነቱን ምንጭ፣ ፕሮቲኖችን እየመዘነ የሚለየው ማስ ስፔክትሮሜትሪ የተባለው ጥበብ እንዴት እንደሚሠራ፣ በመጨረሻም እኛ በቨርደንና በአካባቢው የምንኖር ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ከዚህ ምን መማር እንደሚገባን ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የሳይንስ ተማሪ ያልሆነው አንባቢም እንዲከታተለን ቃላቱን በተቻለ መጠን ቀለል አድርገናል።

ሀ/ ፕሮቲንን ማጥናት ለምን አስፈለገ?

ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ የሚታነጽበት መመሪያ በጂን እንደተጻፈ ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት ተምረናል። ይህ እውነት ቢሆንም ሙሉው እውነት አይደለም። ጂን የተጻፈ ትእዛዝ ነው፤ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው ግን ፕሮቲን ነው። ኦክሲጅንን በደም የሚያመላልሰው ሄሞግሎቢን፣ የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ኢንሱሊን፣ ምግብን የሚያልሙት ኢንዛይሞች ፕሮቲኖች ናቸው። የሰው ልጅ የፕሮቲን መመሪያ የያዙ ወደ 20,000 የሚጠጉ ጂኖች አሉት። በዓይን ሕዋስና በጉበት ሕዋስ ውስጥ የተጻፈው መመሪያ ያው አንድ ነው፤ ዓይኑን ዓይን፣ ጉበቱን ጉበት ያደረገው የትኛው ፕሮቲን፣ መቼና ምን ያህል እንደተሠራ ነው። ስለሆነም የበሽታን ጠባይ ለመረዳት ትእዛዙን ማንበብ ብቻ አይበቃም፤ በሥራ ላይ የተሰማራውን መለየትና መቁጠር ያስፈልጋል። በአንድ ሕዋስ ወይም በአንድ ጠብታ ደም ውስጥ ያሉትን ፕሮቲኖች በጅምላ የሚያጠናው የሳይንስ ዘርፍ ፕሮቲዮሚክስ ይባላል።

ለ/ መመዘኛው እንዴት ይሠራል?

አውድማ ላይ የቆመ ሰው የዚህን ጥበብ መሠረት አይቶታል። ገበሬው የተወቃውን እህል በመንሽ ወደ ላይ ሲወረውር ነፋሱ ገለባውን አርቆ ይወስደዋል፤ ፍሬው ግን እዚያው አጠገቡ ይወድቃል። የሚነፍሰው ነፋስ ለሁለቱም አንድ ነው፤ ቀላሉ ይርቃል፣ ከባዱ ይቀርባል። በማስ ስፔክትሮሜትር ውስጥ የነፋሱን ቦታ የያዘው የኤሌክትሪክ ወይም የመግነጢስ ኃይል ነው። ሊመዘን የተፈለገው ነገር በመጀመሪያ የኤሌክትሪክ ሙል እንዲኖረው ይደረግና አየር በተመጠጠለት ክፍል ውስጥ ይወረወራል። ሙላቸው እኩል ከሆነ ቀላሉ ይፈጥናል፣ ከባዱ ይዘገያል፤ መሣሪያው የደረሱበትን ጊዜ ወይም የታጠፉበትን መጠን መዝግቦ ክብደታቸውን ያሰላል።

የጥበቡ ጅማሬ የቆየ ነው። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ጄ. ጄ. ቶምሰን በ1910ሮቹ መጀመሪያ ኒዮን የተባለው ጋዝ 20 እና 22 የሚመዝኑ ሁለት ዓይነት አተሞች እንዳሉት በዚህ መንገድ አሳየ። ተከታዩ ፍራንሲስ አስተን መሣሪያውን አሻሽሎ በ1922 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አገኘ። ይሁን እንጂ ለብዙ ዓመታት ፕሮቲን ከዚህ ሚዛን ውጭ ሆኖ ቆየ። ምክንያቱም የሚመዘነው ነገር እንደ ጋዝ ሆኖ መብረር አለበት፤ ፕሮቲን ግን ትልቅና በቀላሉ የሚበላሽ በመሆኑ ሙቀት ሲነካው ከመብረሩ በፊት እንደ እንቁላል ይበስላል።

ይህ ችግር የተፈታው በ1980ዎቹ ነው። አሜሪካዊው ጆን ፌን ፕሮቲን ያለበትን ፈሳሽ በኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ደቃቅ ጠብታ እየበተነ፣ ጠብታው ሲተን ፕሮቲኑ ሳይሰበር ሙል ይዞ እንዲቀር አደረገ። በጃፓን በሺማድዙ ኩባንያ የሚሠራው መሐንዲስ ኮይቺ ታናካ ደግሞ በሌዘር ብርሃን ተጠቀመ። ታናካ የዶክተርነት ማዕረግ አልነበረውም። አንድ ቀን ግሊሰሪንን ከኮባልት ብረት ዱቄት ጋር በስሕተት ቀላቀለ፤ ዱቄቱ ውድ ስለነበር መድፋቱ አሳዝኖት ድብልቁን እንዲሁ ሞከረው። ሲፈለግ የቆየው መፍትሔ የተገኘው ከዚያ ድብልቅ ነው። በጀርመን ካራስና ሂለንካምፕ በዚያው ዘመን ያዳበሩት ተመሳሳይ ዘዴ ዛሬ በሰፊው ይሠራበታል። ፌን በ85 ዓመቱ፣ ታናካ በ43 ዓመቱ የ2002ን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ከሌላ ተመራማሪ ጋር ተካፈሉ።

በዛሬው የተለመደ አሠራር ፕሮቲኖቹ ትሪፕሲን በተባለ ኢንዛይም ይቆራረጣሉ። ትሪፕሲን ያገኘበትን አይቆርጥም፤ ላይሲንና አርጂኒን ከተባሉት ሁለት አሚኖ አሲዶች ቀጥሎ ብቻ ይቆርጣል። መቁረጫው ስለሚታወቅ ከእያንዳንዱ ፕሮቲን ምን ዓይነት ቁራጭ እንደሚወጣ አስቀድሞ ከጂኑ ማስላት ይቻላል። መሣሪያው ቁራጮቹን ይመዝናል፤ እንደገናም ሰባብሮ ስብርባሪውን ይመዝናል። ኮምፒዩተሩ የተገኘውን ክብደት ከተሰላው ዝርዝር ጋር አስተያይቶ የፕሮቲኑን ማንነት ይናገራል።

የሚዛኑን ጥራት ለመረዳት በሊባኖስም የሚታወቀውን ሲክል ሴል የተባለውን የደም በሽታ እንውሰድ። በሽታው የሚመጣው በሄሞግሎቢን ቤታ ሰንሰለት ላይ አንዱ አሚኖ አሲድ በሌላ ሲተካ ነው። ጤነኛው ሰንሰለት ወደ 15,867 ዳልተን ይመዝናል፤ የታመመው 15,837 ነው። የዕድሜ ልክ ሥቃይ የሚያመጣው ለውጥ 30 ዳልተን ብቻ ሲሆን መሣሪያው ይህን ያለ ችግር ይለየዋል።

በአንጻሩ የዘዴው ድክመትም መነገር አለበት። በደም ውስጥ አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን ከመብዛቱ የተነሣ፣ ከእሱ በቢሊዮን እጅ የሚያንሱት ብርቅዬ ፕሮቲኖች በጩኸቱ ይሸፈናሉ። የብዙ በሽታዎች ምልክት የሚደበቀው ደግሞ ከእነዚህ ትናንሾቹ መካከል ነው።

ሐ/ ወባ ምልክቱን ሲጥል

አሁን ወደ ተነሣንበት ጉዳይ እንግባ። በጥቅምት 2002 ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም የተባለው ገዳዩ የወባ ተሕዋስ ሙሉ የጂን ንባብ ታተመ፤ ወደ 5,300 ጂኖች ተቆጠሩ። በዚያው ጊዜ በማስ ስፔክትሮሜትሪ የተሠራ ጥናት በአራት የተሕዋሱ የዕድገት ደረጃዎች ከ2,400 በላይ ፕሮቲኖችን ለይቶ አወጣ። ተሕዋሱ ከትንኝ ወደ ሰው ሲሻገርና በደም ውስጥ ሲራባ የፕሮቲን ልብሱን እንደሚለዋውጥ ከዚህ በግልጽ ታየ።

ከእነዚህ ፕሮቲኖች አንዱ ኤች አር ፒ 2 ይባላል። ሂስቲዲን በተባለው አሚኖ አሲድ የበለጸገ ሲሆን ተሕዋሱ በብዛት ወደ ደም ይለቀዋል። በዚህም ምክንያት በየጤና ኬላው የሚገኘው ከጣት በተወሰደ ጠብታ ደም የሚሠራው ፈጣን መመርመሪያ በአብዛኛው ይህን ፕሮቲን እንዲይዝ ተደርጎ ተሠራ። ማይክሮስኮፕም መብራትም በሌለበት ገጠር ይህ መመርመሪያ ትልቅ አገልግሎት ሰጥቷል፤ ይህን መካድ አይቻልም።

ነገር ግን በ2010 በፔሩ የአማዞን አካባቢ የተገኙ ተሕዋሳት የኤች አር ፒ 2ን ጂን ጨርሰው እንዳጡ ተገለጸ። ያለ እሱም ይኖራሉ፤ ሰውም ያሳምማሉ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ እኛ አካባቢ ደረሰ። ኤርትራ ችግሩ ስለጸናባት በ2016 መመርመሪያዋን ለወጠች። በአገራችንም የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር በኤርትራ፣ በሱዳንና በደቡብ ሱዳን ጠረፍ 12,572 ሰዎችን መርምረው ውጤቱን በ2021 አሳተሙ። በጂኑ መጥፋት ምክንያት በኤች አር ፒ 2 ላይ የተመሠረተው መመርመሪያ ከመቶ የፋልሲፓረም ሕሙማን ወደ 9.7 የሚሆኑትን እንደሚስት ገመቱ። የዓለም የጤና ድርጅት ደግሞ ከመቶ 5 ከበለጠ መመርመሪያው ይለወጥ ይላል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ማሰብ ያለብን፣ እነዚህ ተሕዋሳት ለምን በዙ? የሚለውን ነው። ምልክቱን የያዘው ተሕዋስ በመመርመሪያው ይገኛል፣ መድኃኒት ተሰጥቶ ይጠፋል። ምልክቱን የጣለው ግን «ወባ የለም» ተብሎ ያለ መድኃኒት ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ በትንኝም ወደ ጎረቤት ይተላለፋል። ይኸውም መመርመሪያው ሳያውቀው ለማይታየው ወገን እያገዘ ነበር ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ በተሕዋሱ ጂን ላይ ያገኙት አሻራም በቅርብ ጊዜ የተካሄደ እንዲህ ያለ ብርቱ ምርጫ መኖሩን የሚያመለክት ነው።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ቁም ነገር አለ። የበሽታ ምልክት ሲመረጥ መብዛቱ ብቻ ሳይሆን ተሕዋሱ ያለ እሱ መኖር አለመቻሉ መታየት አለበት። በምትክነት የቀረበው መመርመሪያ የሚፈልገው ኤል ዲ ኤች የተባለውን ኢንዛይም ነው፤ ተሕዋሱ ከስኳር ኃይል የሚያወጣበት ስለሆነ እንደ ኤች አር ፒ 2 በቀላሉ ሊጥለው አይችልም። ፕሮቲዮሚክስ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። ፈጣኑ መመርመሪያ የሚያየው አስቀድሞ የተነገረውን አንድ ነገር ነው፤ ማስ ስፔክትሮሜትር ግን በናሙናው ያለውን አቅሙ እስከቻለ ይዘረዝራል። ከዝርዝሩ ውስጥ የማይጣለውን መምረጥ የተመራማሪው ፋንታ ነው።

ይህ ሲባል መሣሪያው ጤና ኬላ ይግባ ማለታችን አይደለም። ዋጋው በመቶ ሺህ በሚቆጠር ዶላር ነው፤ የአየር መምጠጫ ፓምፑ ሌሊትና ቀን መሥራት አለበት። የመንግሥት መብራት እየጠፋ በጄኔሬተር ማምሸትን የለመድን የቤይሩት ነዋሪዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋንም። ማስ ስፔክትሮሜትሩ በማዕከል ሆኖ ምልክቱን ይመርጣል፤ ርካሹ መመርመሪያ በገጠር ይሠራበታል። አንዱ ያለ ሌላው ጎደሎ ነው።

መ/ የእኛ ድርሻ

በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። የጦርነት፣ የመፈናቀልና የትንኝ መድኃኒት መላመድ ድርሻ ስላለበት ሁሉም በመመርመሪያው አይሳበብም። ሆኖም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። በሊባኖስ ወባ በአገር ውስጥ አይተላለፍም፤ የሚመጣው ከመንገደኛ ጋር ስለሆነ የቤይሩት ሐኪም አዘውትሮ አያየውም። ስለዚህ ከአገር ቤት የተመለሰ ሰው ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ራስ ምታት ሲሰማው ከየት እንደመጣ በመጀመሪያ ይናገር። ፈጣኑ መመርመሪያ ወባ የለም ቢልም ደሙ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ፣ ካልተገኘም ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ተደግሞ እንዲታይ ይጠይቅ። ቫይቫክስ የተባለው ሌላው የወባ ዓይነት ከወራት በኋላም ሊነሣ እንደሚችል አይዘንጋ። በዚህ ከተማ በቤት ሠራተኛነት የሚኖሩ ብዙ እኅቶቻችን ይህን ለሐኪም የሚያስረዱበት ቋንቋም ፈቃድም በእጃቸው የለም። ዐረብኛ፣ ፈረንሳይኛ ወይም እንግሊዝኛ የምናውቅ ተማሪዎች አብረናቸው ሄደን ማስተርጎም የምንችለው ሥራ ነው።

ሁለተኛው ድርሻችን የትምህርት ነው። ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ ወይም ኮምፒዩተር የምታጠኑ ወገኖቻችን መሣሪያው በእጃችን ስለሌለ ዘርፉ አይመለከተንም አትበሉ። በዓለም ዙሪያ የተመዘኑ ናሙናዎች ውጤት ፕራይድ በተባለው የአውሮፓ መዝገብ ያለ ክፍያ ይገኛል። ማክስኳንት የተባለው የትንተና ፕሮግራምም ያለ ዋጋ ይሰጣል። አንድ ተራ ኮምፒዩተር ያለው ተማሪ የወባን ፕሮቲኖች ዝርዝር አውርዶ የትኛው በሁሉም ደረጃ እንደሚገኝ ራሱ ሊመረምር ይችላል። የአገራችን ሕሙማን ደም ለምርመራ ባሕር ተሻግሮ ሲሄድ ኖሯል፤ ውጤቱን የሚያነቡት ሰዎች ቁጥር ከእኛ መካከል እንዲበዛ የምንጀምረው ከዚህ ነው። ለዚህም በመጪዎቹ ሳምንታት ትንታኔውን በጋራ ለመማመር የምትፈልጉ፣ ሙያችሁ ሌላ ቢሆንም፣ ለክበባችን አሳውቁ። ጥያቄ ያለው አንባቢም ጽፎ ቢልክልን በሚቀጥለው እትም ለመመለስ እንሞክራለን።