የደሴ ሕዝብ 120 ሺሕ ነው ወይስ 151 ሺሕ?

በደሴ የዱቄት ማከፋፈያ ለመክፈት ያሰበ ነጋዴ በቅድሚያ የሚጠይቀው የከተማዋን ሕዝብ ብዛት ነው። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ ግን ሁለት መልስ ይሰጠዋል፤ 151,174 እና 120,095። ሁለቱም ትክክል ናቸው። የመጀመሪያው በከተማው አስተዳደር ሥር ያሉትን የገጠር ቀበሌዎች ይጨምራል፤ ሁለተኛው የከተማውን ነዋሪ ብቻ ይይዛል። ልዩነቱ 31,079 ሰው ነው። ከማሳው እህል የሚያገኝ ገበሬ ደግሞ ለዱቄት ነጋዴ እንደ ፒያሳ ነዋሪ ያለ ደንበኛ አይሆንም።

ስህተቱ የሚከፋው ዕድገት ሲሰላ ነው። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ የደሴ ከተማ ሕዝብ 97,314፣ የኮምቦልቻ 39,466 ነበር። ይህን ከ151,174 ጋር ያነጻጸረ ሰው ደሴ በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል 55 በመቶ አደገች ይላል። ከተማ ከከተማ ጋር ሲነጻጸር ግን ዕድገቷ 23 በመቶ ብቻ ነው። በአንጻሩ የኮምቦልቻ ከተማ ነዋሪ 58,667 ደርሶ 49 በመቶ አድጓል። መጋዘኑ የት ይሠራ ለሚለው ጥያቄ ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም።

በቆዳ ስፋትም ያው ነው። የከተማውን ሕዝብ ብቻ ይዞ የገጠሩን መሬት ለጨመረ ስፋት ማካፈል ጥግግቱን ያሳንሳል።

አራተኛው ቆጠራ በ2011 ዓ.ም. በመራዘሙ፣ ከዚያ ወዲህ የሚጠቀሱት አኃዞች ከ1999ኙ ቆጠራ የተነሱ ትንበያዎች ናቸው፤ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ሳቢያ የገባውንና የወጣውን ሰው አልቆጠሩም። ትንበያውን ከመብራትና ከውኃ ደንበኞች ብዛት ጋር ማመሳከር ይበጃል፤ እርግጥ በአንድ ቆጣሪ ስንት ተከራይ እንደሚጠቀም ሳይጠይቁ አይሆንም።