የግብዓት ዱቤ መዝገብ በሰነድ ቋት አገባብ
(አንድ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ)

መግቢያ

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ማዳበሪያ በዱቤ ሲያከፋፍሉ አንድ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ቢመዘገብ፣ ገበሬው ያልወሰደውን 2 ኩንታል ዩሪያ ዕዳ ይሸከማል። ለዚህ አንዱ ምክንያት የኔትወርክ መቋረጥ ነው፤ መዝጋቢው መረጃው ያልደረሰ መስሎት ደግሞ ይልካል። ከዚህ በታች ፓውችዲቢ በተባለው የጃቫስክሪፕት መሣሪያ ይህን ችግር ማስወገድ የሚቻልበትን መንገድ እናስረዳለን።

የመሣሪያው አሠራር

ፓውችዲቢ መዝገቡን በመጀመሪያ በስልኩ ወይም በኮምፒዩተሩ ብራውዘር ውስጥ ያስቀምጣል። ማመሳሰያው ከተከፈተ፣ ኔትወርክ ሲገኝ ካውችዲቢ ወደተባለው የማዕከል ቋት ያስተላልፋል። እያንዳንዱ ደረሰኝ ራሱን የቻለ ሰነድ ነው፤ የገበሬው ስም፣ የግብዓቱ ዓይነት፣ መጠኑና ቀኑ ይሰፍሩበታል። ሰነዱ ከሌላው ሰነድ የሚለየው አይዲ በተባለው መለያው ነው።

የአመዘጋገብ ዘዴ

ሰነድ ለማስገባት ሁለት ትእዛዞች አሉ፤

ሀ/ ፖስት፦ መለያውን መሣሪያው ራሱ ያወጣል። ደረሰኙ ሁለት ጊዜ ቢገባ ሁለት የተለያዩ መለያዎች ስለሚያገኝ ሁለት ዕዳ ሆኖ ይቆጠራል።

ለ/ ፑት፦ መለያውን የምንሰጠው እኛ ነን። የማኅበሩን ቁጥር፣ ዓመቱንና የደረሰኙን ቁጥር አጣምረን «07-2017-00412» ብንለው፣ ያው ደረሰኝ በዚያው ስልክ ዳግመኛ ሲገባ መሣሪያው «409 ግጭት» ብሎ ይመልሰዋል።

ስለዚህ ለደረሰኝ ፑት እንዲሠራበት እንመክራለን። ፕሮግራሙን የሚያዘጋጅላችሁን ባለሙያ በየትኛው ትእዛዝ እንደተጠቀመ ጠይቁት፤ አንድ የሙከራ ደረሰኝም ሁለት ጊዜ አስገብታችሁ ፈትኑ።

ጥንቃቄ

1ኛ/ ስሕተት ለማረም ሰነዱን በጌት ትእዛዝ ማውጣት፣ ሬቭ የተባለውን የእትም ቁጥር ሳይነኩ ማስተካከልና በፑት መመለስ ያስፈልጋል።

2ኛ/ ሁለት ሠራተኞች ኔትወርክ በሌለበት በየስልካቸው በአንድ መለያ የተለያየ መጠን ቢያስገቡ 409 አይታይም። ቋቱ ሁለቱንም ይዞ አንዱን ብቻ ያሳያል። በመሆኑም የማኅበሩ ሒሳብ ሹም የተጋጩትን ሰነዶች በየጊዜው እያስወጣ ከወረቀቱ ደረሰኝ ጋር ማመሳከር ይገባዋል።

3ኛ/ መረጃው ወደ ማዕከል ሳይተላለፍ ብራውዘሩን ማጽዳት መዝገቡን ያጠፋዋል።

በመጨረሻም፣ የኮምፒዩተሩ መዝገብ የወረቀቱን ደረሰኝ አይተካም፤ ቅጂው ምንጊዜም በገበሬው እጅ ሊኖር ይገባል።