ከልጃችሁ ዩኒቨርስቲ የሚመጣውን መልእክት አንብቡ፣ አጣሩም

(ለመሠረተ ትምህርት ተከታታዮችና ለወላጆች በሬዲዮ የቀረበ ንግግር)

ሬዲዮኑን ከብባችሁ የተቀመጣችሁም ሆናችሁ፣ ይህ ንግግር ታትሞ ሲደርሳችሁ ፊደል እየቆጠራችሁ የምታነቡ ሁሉ፣ የዛሬው ርዕሳችን ልጁን ዩኒቨርስቲ የላከን ቤተሰብ በሙሉ ይመለከታል። ልጃችሁ ከቤት ርቆ ሲማር ስለ ጤናው ብዙ ወሬ ይደርሳችኋል። ከዚያ ውስጥ እውነቱን ከሐሰቱ የምትለዩት እንዴት ነው? ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ነው።

በአገራችን ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርስቲዎች አሉ። ከተማሪዎቹም አብዛኞቹ የሚመደቡት በትምህርት ሚኒስቴር በኩል ነው። ስለዚህ የደብረ ብርሃኑ ልጅ አርባ ምንጭ፣ የሐረሯ ልጅ ጎንደር፣ የወሊሶው ልጅ ጋምቤላ ሊደርሰው ይችላል። እናት አባት ደግሞ አውቶቡስ ተሳፍረው ሄደው ልጃቸውን ማየት አይሆንላቸውም። መንገዱ ሩቅ ነው፤ የቤት ሥራው ብዙ ነው፤ ገንዘቡም የለም። ታዲያ ምን ቀራቸው? የሚሰሙትና የሚያነቡት ብቻ ነው።

በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር የወጡት ተማሪዎች ከቤተሰባቸው ጋር የሚገናኙት በአብዛኛው በደብዳቤ ነበር። ደብዳቤው ይዘገያል፤ ነገር ግን የልጁ የእጅ ጽሑፍ ስለሆነ ከማን እንደመጣ ይታወቃል። ዛሬ መልእክቱ በዓይን ጥቅሻ ይደርሳል፤ የጻፈው ማን እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ አይታወቅም። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሰው ለራሱ እንዲያነብ አስተማረ። ዛሬ በዚያ ላይ አንድ ትምህርት መጨመር አለብን። እሱም ያነበቡትን መመርመር ነው።

እንግዲህ እስቲ ከመልእክቱ መንገድ እንጀምር። ዩኒቨርስቲዎች ማስታወቂያቸውን ዛሬ የሚያወጡት በግቢው ሰሌዳ ላይ ብቻ አይደለም። በድረ ገጻቸው፣ በፌስቡክ ገጻቸውና በቴሌግራም ቻናላቸው ያወጣሉ። የመግቢያ ቀን፣ የምዝገባ ቀን፣ የፈተና ጊዜ፣ ግቢው ውስጥ በሽታ ሲገባ የሚደረገው ጥንቃቄ፣ ይህ ሁሉ እዚያ ይነገራል። ቤተሰብ ይህን ቢከታተል ይጠቀማል። ነገር ግን ሦስት ነገሮችን ማወቅ ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ ቻናልና ግሩፕ አንድ አይደሉም። በቴሌግራም ቻናል ላይ መልእክት የሚያወጣው ባለቤቱ ነው፤ ሌላው ያነባል። በግሩፕ ላይ ግን የገባው ሁሉ ይጽፋል። የዕድር ስብሰባ በሉት፤ አንዱ ያየውን ይናገራል፣ ሌላው የሰማውን ይናገራል፣ ሦስተኛው ደግሞ የጠረጠረውን ይጨምርበታል። ግሩፕ መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም። ግሩፕ ላይ የሰማችሁትን ግን እንደ ዩኒቨርስቲው ቃል አትውሰዱት ነው የምንለው።

ሁለተኛ፣ ስምና ዓርማ ማረጋገጫ አይደሉም። ማንም ሰው የፈለገውን ዩኒቨርስቲ ስም ጽፎ፣ ዓርማውን ለጥፎ ቻናል መክፈት ይችላል። የተከታዩ ብዛትም አያስተማምንም። የአገራችን የመንግሥት ዩኒቨርስቲዎች ድረ ገጽ አድራሻ ግን ብዙውን ጊዜ መጨረሻው «ነጥብ ኢዲዩ ነጥብ ኢቲ» ይላል። ይህ መጨረሻ ለትምህርት ተቋማት የተለየ ነው። ስለዚህ የፌስቡኩንና የቴሌግራሙን አድራሻ ከዚያው ድረ ገጽ ላይ መውሰድ ከሁሉ ይሻላል። ስልካችሁ ባለ ቁልፍ ከሆነና ኢንተርኔት ከሌለው ልጃችሁ በምዝገባ ዕለት ከግቢው ሰሌዳ ላይ ገልብጦ ያምጣላችሁ፤ ወይም የሠፈራችሁን መምህር ጠይቁ። መጠየቅ ምን ያሳፍራል?

ሦስተኛ፣ ቀኑን እዩ። አምና የወጣ ማስታወቂያ ዘንድሮ ተመልሶ ሲዞር ታያላችሁ። አንዳንዱ ቀን በእኛ አቆጣጠር፣ አንዳንዱ በፈረንጆች አቆጣጠር ይጻፋል። በሁለቱ መካከል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ስላለ ዓመተ ምሕረቱን ሳያዩ «ነገ ግቢው ይዘጋል» ብሎ መደናገጥ አይገባም። ቀን የሌለውን መልእክት ቀን ያለው ማስረጃ እስኪገኝለት ድረስ ቆዩት።

አሁን ደግሞ የሚያስለቅሰውን ነገር እንንገራችሁ። ቴሌብር ከግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ለልጅ ብር መላክ ቀሏል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሌባም ግን ይህንኑ ቅለት አይቶታል። «እናቴ፣ ስልኬ ጠፍቶ በጓደኛዬ ስልክ ነው የምጽፍልሽ፤ ታምሜ ሆስፒታል ነኝ፤ ብር ላኪልኝ» የሚል መልእክት ይመጣል። ወይም አንድ ሰው ይደውልና «የዩኒቨርስቲው ሐኪም ነኝ፤ ልጅዎ ቀዶ ሕክምና ሊደረግለት ነው፤ አሁኑኑ ይክፈሉ» ይላል። የእናት አንጀት እኮ ነው፤ ማን ይጠይቃል? ሌባውም የሚፈልገው ይህንኑ ድንጋጤ ነው። «አሁኑኑ» የሚለው ቃል ሲመጣ ቆም በሉ። ስልኩን ዝጉና ቀድሞ በያዛችሁት ቁጥር ለልጃችሁ ደውሉ። እሱ ካላነሳ ለመኝታ ክፍል ጓደኛው፣ እሱም ካልተገኘ ለተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት ደውሉ። የደወለላችሁ ሰው በሰጣችሁ ቁጥር ግን አታጣሩ፤ ሌባን ስለ ሌባ መጠየቅ ይሆናል።

ወሬ ብር ብቻ አይደለም የሚዘርፈው፤ እንቅልፍም ይዘርፋል። የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲገለጽና ትምህርት ሲቋረጥ፣ ልጁ በሩቅ ግቢ የነበረ ወላጅ ሁሉ ጭንቀቱን ያስታውሰዋል። በኅዳር ወር 2018 ዓ.ም. ደግሞ የማርበርግ ቫይረስ በሽታ በጂንካ ከተማ መገኘቱ ተገለጸ። ጂንካ ዩኒቨርስቲ ያለባት ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ ጊዜ በሽታው እንዴት እንደሚተላለፍ ማወቅ ግማሽ መድኃኒት ነው። ማርበርግ የሚተላለፈው ከታመመ ሰው ደምና ከሰውነቱ ከሚወጣ ፈሳሽ ጋር በሚደረግ ንክኪ ነው፤ በአንድ ከተማ በመኖር ብቻ አይይዝም። ይህን ያወቀ ወላጅ ልጁን «ሮጠህ ና» ከማለቱ በፊት የጤና ሚኒስቴርና የዩኒቨርስቲው ማስታወቂያ የሚለውን ያነባል፤ ልጁንም «የታመመ ሰው አትንካ፤ እጅህን ታጠብ፤ ትኩሳት ከተሰማህ ወዲያው ተናገር» ብሎ ይመክረዋል።

አሁን ወደ ሌላው ዋና ነገር እንምጣ። ወሬው ሐሰት ሲሆን ገንዘብና እንቅልፍ ይጠፋል። እውነቱ ሳይነበብ ሲቀር ግን ሕይወት ሊጠፋ ይችላል። ለምሳሌ ወባን እንውሰድ።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ከ2700 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። አርባ ምንጭ ግን 1300 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። በአገራችን ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2000 ሜትር በታች ባለው ቦታ ነው። በደጋ ያደገ ልጅ ሰውነቱ ወባን አይተዋወቃትም፤ ስለዚህ ስትይዘው ትበረታበታለች። የወባ ተሕዋስ ደግሞ ትንኟ በነከሰች ዕለት ምልክት አያሳይም። ብዙውን ጊዜ ትኩሳቱ የሚጀምረው ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ አንዳንዴም ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ከሁለቱ ዋና ዋና የወባ ዓይነቶች አንደኛው፣ ቫይቫክስ የሚባለው፣ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከርሞ ከወራት በኋላ ሊነሣ ይችላል።

እንግዲህ ልጁ ለዕረፍት ወደ ደጋ ቤቱ መጣ እንበል። በመጣ በአሥረኛው ቀን ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ራሱን ያመዋል፤ ያተኩሰዋል። ቤተሰቡ ምን ይላል? «ምች ነው፤ ዳማ ከሴ አሹለት፤ ላብ ላብ ይበለው» ይላል። ወባ በሌለበት አገር ወባን ማን ይጠረጥራል? ፋልሲፓረም የሚባለው አደገኛው ወባ ግን በ24 ሰዓት ውስጥ ሕክምና ካልተጀመረለት ወደ ጽኑ ሕመም ሊለወጥና ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ከቆላ ዩኒቨርስቲ የመጣ ልጅ ሲያተኩሰው ዳማ ከሴውን ተዉትና ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ለባለሙያውም «ከአርባ ምንጭ ነው የመጣው» ወይም «ከጋምቤላ ነው የመጣችው» ብላችሁ በግልጽ ንገሩ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ብዙ ዋጋ አላት። ከጣት ጫፍ ጠብታ ደም ተወስዶ በጥቂት ደቂቃ ይታወቃል፤ መድኃኒቱም አለ። በ2024 እ.ኤ.አ. በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ መያዛቸው ተመዝግቧል። ወባ ድሮ የቀረች በሽታ አይደለችም።

ሌሎችም የማይዘገይባቸው ምልክቶች አሉ። ብርቱ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የአንገት መገተር አንድ ላይ ከመጡ ማጅራት ገትር ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው በአንድ ክፍል በሚያድርበት ቦታ ይህ በሽታ ቶሎ ይዛመታል። ልጃችሁ በስልክ እንዲህ ካላችሁ «ነገ ይሻልሃል» አትበሉት። «አሁን ተነሥና ጓደኛህን ይዘህ ወደ ግቢው ክሊኒክ ሂድ፤ ስትደርስ ደውልልኝ» በሉት።

የአእምሮ ጤናም ጤና ነው። አብዛኛው የአእምሮ ሕመም የሚጀምረው ከ25 ዓመት ዕድሜ በፊት ነው፤ ይህም የዩኒቨርስቲ ዕድሜ ማለት ነው። ተጫዋች የነበረ ልጅ ስልክ ማንሣት ቢያቆም፣ እንቅልፍ ቢያጣ፣ ምግብ ቢተው፣ «ብሞት ይሻለኛል» ቢል፣ ይህ ስንፍናም ጥጋብም አይደለም። አትቆጡት፤ «ውጤትህ ስንት ሆነ?» ከማለታችሁ በፊት «እንዴት ነህ? ምን ከበደህ?» በሉት። ጸበሉን የምትሹ ጸበሉን ያዙ፤ ሕክምናውን ግን አታስቋርጡት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይሉ የለም አባቶች?

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። «ታዲያ ክሊኒኩ ስለ ልጄ ለምን አይነግረኝም?» ትላላችሁ። ልጃችሁ 18 ዓመት ከሞላው በሕግ አዋቂ ነው። ሐኪም ደግሞ የታካሚውን ምሥጢር መጠበቅ ግዴታው ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም የጤና መረጃን በተለየ ሁኔታ ይጠብቀዋል። ይህ የተደነገገው እናንተን ለማግለል ሳይሆን ልጁ ሳይፈራ እንዲታከም ነው። መፍትሔው ከልጃችሁ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ነው። «ብትታመም ለማን እንዲነገር ትፈልጋለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። የአደጋ ጊዜ ተጠሪ በሚሞላበት ቅጽ ላይም የሚሠራ ስልክ ቁጥር ይጻፍ።

ልጃችሁ ከመሄዱ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ አራት ነገር ጻፉና ግድግዳ ላይ ለጥፉ። የልጁን የመታወቂያ ቁጥርና የትምህርት ክፍል፤ የመኝታ ሕንጻውንና የክፍል ጓደኛውን ስልክ፤ የተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤትን ስልክ፤ የዩኒቨርስቲውን ትክክለኛ ቻናል ስም። ሕመም ከትምህርት ካስቀረውም የሐኪም ማስረጃውን ይዞ በጊዜው ለሪጅስትራር ያመልክት፤ ዝም ብሎ ግቢውን ጥሎ የመጣ ተማሪ ለመመለስ ይቸገራል።

ውድ አድማጮች፣ ውድ አንባቢዎች፣ ከዚህ ቀጥሎ ያሉትን ቃላት ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ ከዚያም በደብተራችሁ ጻፏቸው፦ መልእክት። ማስታወቂያ። ቻናል። ቀን። ትኩሳት። ክሊኒክ። ምሥጢር። ተጠሪ።

በንባብ ቡድናችሁም እነዚህን ጥያቄዎች ተወያዩባቸው። 1ኛ፦ «ልጅዎ ታሟል፤ አሁኑኑ ብር ይላኩ» የሚል ስልክ ቢመጣ በመጀመሪያ ለማን ትደውላላችሁ? 2ኛ፦ ከቆላ ዩኒቨርስቲ የመጣ ልጅ ቢያተኩሰው ለጤና ባለሙያው ምን ትነግራላችሁ? 3ኛ፦ በጎረቤታችሁ ልጇን ዩኒቨርስቲ ልካ ማንበብ የማትችል እናት አለች? መልእክቱን የሚያነብላት፣ እሷንም ፊደል የሚያስቆጥራት ማን ይሁን?

ለሦስተኛው ጥያቄ መልሱ እናንተ ናችሁ። በሉ፣ በሚቀጥለው ዝግጅት እስክንገናኝ ድረስ ጤና ይስጥልን።