የክሮች ጉልበት

የብረት ክር የተገጠመለት ቦክስ ጊታር ተቃኝቶ ግድግዳ ተደግፎ ሲታይ ሥራ የፈታ ይመስላል። ስድስቱ ክሮች ግን ያን ጊዜም ጭንቅላቱን ወደ ሆዱ እየጎተቱ ነው። የጉልበታቸው ድምር እንደ ክሩ ውፍረት ቢለያይም 70 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ይህን ሁሉ ሸክም የሚችለው የፊት ጣውላ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር እንኳ ላይሞላ ይችላል። ጣውላውን ማወፈር ቀላል ነው፤ ነገር ግን ወፍራም ጣውላ አይርገበገብም፣ ጊታሩም ዲዳ ይሆናል። ሲሳሳ ደግሞ ድምፁ ያምራል፣ ዕድሜው ግን ያጥራል። መሣሪያ ሠሪ ዕድሜውን ሙሉ የሚፈልገው የእነዚህን የሁለቱን መካከለኛ ነው። ጠጋኙ በበኩሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ጉተታው ያሸነፈው የቱ ጋ ነው? በዚህ ምዕራፍ የምናነሳቸው ብልሽቶች አብዛኞቹ የሚፈቱት ይህ ጥያቄ በትክክል ሲመለስ ነው።

ጣውላው ብቻውን አይደለም። በድምፅ ቀዳዳው በኩል የስልክ መብራት አብርተው ቢመለከቱ ከፊቱ ጣውላ ሥር የተጣበቁ ቀጫጭን ማገሮች ያያሉ። አደራደራቸው ጊታሩ ከየትኛው ዘር እንደሆነ ይናገራል። ስፔናዊው አንቶኒዮ ደ ቶሬስ (1817–1892) ማገሮቹን ከቀዳዳው በታች እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ይሠራ ነበር፤ የዛሬው ክላሲካል ጊታር መልኩንም ሆነ መጠኑን በአብዛኛው የወረሰው ከእሱ ነው። ቶሬስ እ.ኤ.አ. በ1862 ጎኑና ጀርባው ከካርቶን፣ የፊቱ ብቻ ከእንጨት የሆነ ጊታር ሠርቷል። ድምፅን በዋናነት የሚወስነው የፊት ጣውላው መሆኑን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። በሌላ ወገን ከጀርመን ወደ አሜሪካ የፈለሰው ክርስቲያን ፍሬድሪክ ማርቲን በ1840ዎቹ ሁለት ዋና ማገሮችን በኤክስ ቅርጽ አስተላልፎ መሥራት ጀመረ። በዚያን ጊዜ የጊታር ክር የሚሠራው ከአንጀት ስለነበር ኤክሱ ለብረት ክር ታስቦ የተሠራ አልነበረም። ከብዙ ዓመታት በኋላ የብረት ክር ሲመጣ ግን ተጠናክሮ ጭነቱን የቻለው ይኸው አሠራር ሆነ።

የክላሲካሉ ጊታር ወገን በሌላ መንገድ ሄደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የአንጀት ክር ሲጠፋ ኒው ዮርክ የነበረው መሣሪያ ሠሪ አልበርት ኦገስቲን ከታላቁ ጊታር ተጫዋች ከአንድሬስ ሴጎቪያ ጋር እየተመካከረ የናይለን ክር አወጣ። ናይለን ጊታሩን የሚጎትተው በ40 ኪሎ ገደማ ነው። 40 እና 70 የሚሉትን ሁለት ቁጥሮች አንባቢ በቃሉ ቢይዛቸው ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም በየቤቱ ከሚገደሉ ጊታሮች ብዙዎቹ የሚሞቱት በእነዚህ ቁጥሮች ልዩነት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የናይለን ክር ይበጠሳል፤ ሱቅ የተገኘው የብረት ክር ብቻ ይሆናል፤ «ያው የጊታር ክር ነው» ተብሎ ይገጠማል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያስደስታሉ፣ ድምፁ ጎልቶ ይወጣልና። ውሎ ሲያድር ከብሪጁ (ክሮቹ ሆዱ ላይ ከሚያዙበት እንጨት) በስተኋላ ያለው ጣውላ ያብጣል፣ ከፊቱ ያለው ይሰረጉዳል፣ ብሪጁ ራሱ ከኋላ ጠርዙ መነሳት ይጀምራል። አንገቱም እንደ ደጋን ይጎብጥና ክሩ ከጣት ይርቃል። ጊታርዎ የየትኛው ወገን መሆኑን ለመለየት ብሪጁን ይመልከቱ። ክሩ ቀዳዳ ውስጥ አልፎ በራሱ ላይ የሚታሰር ከሆነ የናይለን ነው። ክሩ ጉድጓድ ገብቶ በትንንሽ መሰኪያዎች የሚያዝ ከሆነ ግን የብረት ነው። ጭንቅላቱ ላይ ሁለት ረጃጅም ክፍተቶች መኖራቸውና አንገቱ ሰፋ ማለቱም የናይለን ምልክት ነው፤ ዋናው መለያ ግን ብሪጁ ነው።

ብሪጁ መነሳት አለመነሳቱን ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም። ተራ ወረቀት ወስደው በብሪጁ የኋላ ጠርዝ ሥር ለማሾለክ ይሞክሩ። ካልገባ ሰላም ነው። ከገባ ክሮቹን ዛሬውኑ ያላሉ፤ ነገ ሊነቀል ይችላል፤ ሲነቀል ደግሞ ከጣውላው ላይ ስንጣሪ ይዞ ነው የሚሄደው።

ሁለተኛው ቅሬታ «ክሩ ከፍ ብሎብኝ ጣቴን ፈጀው» የሚለው ነው። ሙዚቀኞች አክሽን የሚሉት ይህ የክር ከፍታ 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም የተተከለው ቀጭን ብረት) ላይ ሲለካ በብረት ክር ጊታር ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር፣ በናይለን ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን ለእጅ ይመቻል። ከዚያ በላይ ሲሆን ብዙ ሰው የሚቸኩለው በአንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ ለማጥበቅ ነው። ትራስ ሮድ የሚባለውን ይህን ዘንግ በጊብሰን ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ታዴየስ ማክሂው በ1920ዎቹ መጀመሪያ የፈጠራ መብት አውጥቶበታል፤ የናይለን ጊታሮች ብዙዎቹ የላቸውም። የዘንጉ ሥራ አንገቱ በክሩ ጉተታ ሲጎብጥ መመለስ ነው። አክሽን ማውረጃ አድርጎ መጠቀም ስሕተት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ አንገቱን ይመርምሩ። ወፍራሙን ክር በግራ እጅ 1ኛው ፍሬት ላይ፣ በቀኝ እጅ ደግሞ አንገቱ ከሆዱ ጋር በሚጋጠምበት 14ኛው ፍሬት ላይ ይጫኑ። አሁን ክሩ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ሆኖልዎታል። 7ኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በብረቱ መካከል የአድራሻ ካርድ ውፍረት ያህል፣ ማለትም ሩብ ሚሊ ሜትር አካባቢ ክፍተት ካለ አንገቱ ጤነኛ ነው። ክፍተቱ ከዚህ በጣም ከሰፋ ዘንጉ ይጠብቃል፤ ጭራሹን ከሌለና ክሩ የሚንጫጫ ከሆነ ይላላል። ሲያዞሩ ከሩብ ዙር አይለፉ። መልሰው ይቃኙና አንገቱ ቦታውን እስኪይዝ ጊዜ ይስጡት። ቁልፉ እምቢ ካለ ይተዉት፤ የተበጠሰ ዘንግ ማውጣት ከአዲስ ጊታር የሚወደድበት ጊዜ አለ።

አንገቱ ጤነኛ ሆኖ ክሩ ብቻ ከፍ ካለ መፍትሔው ያለው በሌላኛው ጫፍ፣ ብሪጁ ላይ በተሰካችው የአጥንት ወይም የፕላስቲክ ዘንግ በሳድሉ ነው። 12ኛው ፍሬት የክሩ እኩሌታ ላይ ስለሚገኝ እዚያ 1 ሚሊ ሜትር ለማውረድ ከሳድሉ 2 ሚሊ ሜትር መሞረድ ያስፈልጋል። የሚሞረደው ከሥሩ ነው፤ የላይኛው ጠርዝ ለክሩ ተብሎ የተቀረጸ ስለሆነ አይነካም። ሳድሉ ቀድሞውኑ ከብሪጁ እምብዛም ከፍ ያላለ ሆኖ ክሩ አሁንም ከራቀ ግን አንገቱ ተነቅሎ ማዕዘኑ መስተካከል አለበት። ያ የሠለጠነ እጅ ሥራ ነው፤ በመጽሐፍ አይማሩትም።

ስለ ቅኝት መዛባት ባጭሩ ልበል። ፍሬቶች የሚቀመጡት በስሌት ነው፦ የቀረውን የክር ርዝመት ለ17.817 እያካፈሉ። ክሩ 650 ሚሊ ሜትር በሆነ ጊታር የመጀመሪያው ፍሬት ከአንገቱ ጫፍ 36.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ 12ኛው ልክ 325 ላይ ያርፋል። ችግሩ ክሩ በጣት ሲጫን በጥቂቱ ስለሚለጠጥ ድምፁ ከፍ ማለቱ ነው፤ ይህን ለማካካስ ሳድሉ ከስሌቱ ትንሽ ወደ ኋላ ይሳባል፣ በብረት ክር ጊታር ላይ ደግሞ ዘመም ይላል። ክሩ ሳይጫን ሲመታ የተቃኘው ጊታር ወደ ላይኞቹ ፍሬቶች ሲሄዱ ከተዛባ ግን ሳድሉን ከመወንጀልዎ በፊት ክሩን ይለውጡ። በላብና በዝገት ያረጀ ክር ውፍረቱ ወጥ አይሆንም፤ ወጥ ያልሆነ ክር ደግሞ ቅኝት አይዝም።

አሁን ከሁሉ በላይ ስለሚያከራክረው ስለ ኮላ። የቫዮሊንና የጥንት ጊታር ሠሪዎች ለዘመናት የተጠቀሙት ከእንስሳት ቆዳ የሚወጣውን ኮላ ነው። ደርቆ እንደ ሙጫ ፍንካች ይቀመጣል፤ ሲፈለግ በውኃ ይዘፈዘፍና የፈላ ሳይሆን 60 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በሞቀ ውኃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ይቀልጣል። ሲደርቅ ድንጋይ ነው። ሙቀትና እርጥበት አንድ ላይ ሲያገኘው ግን እጁን ይሰጣል። ይህ እንደ ድክመት ሊታይ ይችላል፤ ለጠጋኝ ግን ትልቁ ጸጋ ነው። የቫዮሊን ፊት የሚጣበቀው አንድ ቀን ተከፍቶ የውስጡ ማገር እንዲጠገን ታስቦ ነው። ዛሬ ቤት ውስጥ የሚፈሰው ፈጣን ሙጫ ወይም ሁለት ቱቦ ተቀላቅሎ የሚሠራው ኮላ ግን የመጀመሪያውን ጥገና የመጨረሻ ያደርገዋል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ጠጋኝ እንጨቱን ሳይሰብር መክፈት አይችልም።

የተነሳ ብሪጅ ሲመለስ ሥራው የሚከብደው ከማጣበቁ ይልቅ በማጽዳቱ ነው። ብሪጁ በሙቀት ለስለስ ይልና ስስ ቢላዋ በቀስታ እየገባ ያላቅቀዋል። ከዚያ የሁለቱም ፊት አሮጌ ኮላ እንጨቱ እስኪታይ ይፋቃል። ከብሪጁ ሥር ቫርኒሽ ከቀረ ኮላው የሚይዘው ቫርኒሹን እንጂ እንጨቱን አይደለም፤ በወሩ ተመልሶ ይነሳል። ከዚያ በኋላ ነው ኮላ ተቀብቶ፣ በድምፅ ቀዳዳው በኩል በገባ ማጥበቂያ ተይዞ የሚያድረው። ብሪጁን በብሎን የሚያስሩ አሉ። ብሎን ክብደት ይጨምራል፣ የጣውላውን እርግብግቢት ያፍናል፣ የተነሳውንም ጠርዝ አይመልስም። በእኔ ሚዛን ከብልሽቱ የከፋ ጥገና ነው።

ከአየር ጠባይ ጋር ያለው ነገር ረጅም ማብራሪያ አይሻም። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ወደ ጎን ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይጠባል፤ በቁመቱ ግን እምብዛም አይለወጥም። በመሆኑም ክረምት ላይ ያበጠ ጣውላ በጋ ሲገባ ይሸሻል፣ በቁመቱም ይሰነጠቃል። ሠሪዎች የሚመርጡት የአየር እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ያለውን ነው። በበጋ ጊታሩን ከሣጥኑ አያውጡ፤ በተበሳሳ የሳሙና ዕቃ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ አብረው ያስቀምጡ። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ግን በፍጹም አይተዉት።

የእኛዎቹ መሣሪያዎች ይህን የጉተታ ጥያቄ የመለሱት በሌላ መንገድ ነው። ክራርና በገና አንገት የላቸውም፤ ክሩ ከገበቴው ተነስቶ በሁለት ምሰሶዎች ወደተያዘው ቀንበር ይወጣል። የሚርገበገበውም ጣውላ ሳይሆን ቆዳ ነው። ቆዳ ርሶ ይለሰልሳል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሠሪው የሚጠቀመው ይህንኑ ጠባዩን ነው። ቆዳው ውኃ ውስጥ አድሮ፣ ጠጉሩ ተፍቆ፣ እርጥብ እንዳለ በገበቴው ላይ ተዘርግቶ በጠፍር ይወጠራል። ከዚያ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይደርቃል። ፀሐይ ላይ ያዋሉት እንደሆነ ጠርዙ ከመካከሉ ቀድሞ ይደርቅና ውጥረቱ የተዛባ ይሆናል፤ አንዳንዴም ይተረተራል። ከበሮ በዝናብ ወራት ፀሐይ ወይም እሳት ዳር የሚሞቀው በዚሁ ጠባይ ምክንያት ነው፤ ክራር ክረምት ላይ ድምፁ ሲወርድም ብዙውን ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም፣ ቆዳው ረጥቦ ነው።

በገና ለጠጋኝ የተለየ ፈተና ነው። አሥሩ አውታሮች በልማድ ከበግ አንጀት የሚሠሩ ናቸው፤ ሁሉም አይመቱም፣ ከፊሎቹ የጣት ማረፊያ ናቸው። ያ የሚያጉረመርም ድምፅ ግን ከክሩ ብቻ አይመጣም። እያንዳንዱ አውታር በርኩማው (የበገናው ብሪጅ) ላይ ሲያርፍ በመካከል እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። አውታሩ ሲርገበገብ ቆዳዋን እየነካ እየለቀቀ ይሄዳል፤ ከዚያ ንክኪ ብዙ ቀጫጭን ድምፆች ይወለዳሉ። የሕንዱ ታንፑራ ይህንኑ ውጤት የሚያገኘው ከክሩ ሥር በሚገባ የጥጥ ፈትል ነው። እንዚራዋ በጥቂቱ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ከሄደች አውታሩ ዝም ይላል፤ ቦታዋን ስታገኝ ይናገራል። ስለዚህ «በገናዬ ድምፁ ጠፋ» የሚል ሰው አውታር ከመለወጡ በፊት እንዚራዎቹን አንድ በአንድ ቢያንቀሳቅስ ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚያው ያበቃል።

በመሥራት መጀመር የሚሻ አንባቢ በጊታር አይጀምር። ጊታር የታጠፈ ጎን፣ በስሌት የተተከለ ፍሬት፣ በማዕዘን የተገጠመ አንገት ይጠይቃል፤ አንዱ ከተሳሳተ ሌላው ዋጋ የለውም። መሰንቆ አንድ ገበቴ፣ አንድ እንጨት፣ አንድ ጭራ ነው፤ ሲበላሽም የተበላሸበት ቦታ ወዲያው ይታያል። ተሠርቶ ካለቀ በኋላ አልጮህ ካለ ደጋኑን ዕጣን ያስነኩት፤ ያለ ዕጣን የፈረስ ጭራ በጭራ ላይ እየተንሸራተተ ያልፋል እንጂ ክሩን ይዞ አይለቅም።

ምን ይጠገናል፣ ምን ይተዋል? ብሪጁ የተነሳ ርካሽ ጊታር መጠገን አለበት፤ ወጪው ትንሽ ነው። አንገቱ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ርካሽ ጊታር ግን አይመለስም፤ መቃኛዎቹን አውልቀው ለሌላ ያስቀምጡ። ከአያት የተወረሰ በገና ወይም ክራር ያለው ሰው ደግሞ ቆዳውን ቫርኒሽ አይቀባ፤ ክሮቹን ከመፍታቱ በፊት ቋጠሮዎቹን ከቅርብ ፎቶ ያንሳ፤ አሮጌዎቹን እንዚራዎችም በየተራቸው በፖስታ አድርጎ ለጠጋኙ ይስጥ። ጠጋኙንም ሥራው ከመጀመሩ በፊት በምን ኮላ እንደሚያጣብቅ ይጠይቀው።