«የትኛው ቢት ማሽን ይበልጣል?» ከማለታችሁ በፊት ድምፁን እኩል አድርጉት

«ከእነዚህ ትንንሽ ቢት መሥሪያዎች የትኛው ይሻላል?» ሙዚቃ ለመሥራት የሚያስቡ ልጆች በየጊዜው የሚጠይቁኝ ጥያቄ ነው። ብዙዎቹ የሚጠይቁት ለወራት ገንዘብ አጠራቅመው፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ እየጠበቁ ነው። ምርጫውን የሚያካሂዱት ግን በስልክ ነው። ዩቲዩብ ላይ ሁለት ቪዲዮ ያያሉ፤ አንዱን «ይመታል»፣ ሌላውን «ደከም ያለ ነው» ይላሉ፤ አለቀ! እኔ ደግሞ ያ ፍርድ ብዙ ጊዜ ስለ ማሽኑ ሳይሆን ስለ ድምፁ ከፍታ ነው እላለሁ።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ግሩቭ ቦክስ ማለት ከበሮ፣ ቤዝና ዜማ በአንድ ሣጥን ውስጥ ደርድራችሁ በድግግሞሽ የምታጫውቱበት መሣሪያ ነው። ስሙን ያስለመደው የጃፓኑ ሮላንድ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው ኤምሲ-303 ነው። ለእኛ ሙዚቃም የማሽን ምት እንግዳ አይደለም። ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ሆኖ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከድረም ማሽን ጋር አዋህዶ ካሴት ሠርቷል።

እንግዲህ አንዱ ማሽን ከሌላው በድምፅ የሚለየው በምንድን ነው? መጀመሪያ ድምፁ በሚወለድበት መንገድ። በ1980 የወጣው ሮላንድ ቲአር-808 ውስጥ የተቀዳ ከበሮ የለም፤ ድምፁን የሚፈጥረው የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ነው። ኪኩ ወፍራምና ረጅም የሆነው ለዚህ ነው። በ1987 የወጣው ኢሙ ኤስፒ-1200 ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። የተቀዳ ድምፅ ነው የሚጫወተው፤ ያውም በ12 ቢት። (ይኼኛው ቢት የኮምፒውተሩ ነው፤ እናንተ ከምትሠሩት ቢት ጋር እንዳይምታታ።) ጠቅላላ የመቅጃ ጊዜው 10 ሰከንድ ገደማ ብቻ ስለነበር የሂፕሆፕ ልጆች ሸክላውን አፍጥነው ይቀዱና ማሽኑ ውስጥ መልሰው ያዘገዩት ነበር። በዚህ መሃል ድምፁ ይሻክራል። ያ ሸካራነት ዛሬ በገንዘብ የሚፈለግ «ቃና» ሆኗል።

አሁን ወደ ሄድሩም እንምጣ። በራሳችሁና በጣሪያው መካከል የሚተርፈው ክፍተት በሉት። ከሚኒባስ ታክሲ ለመውረድ የሚነሳ ረጅም ሰው ጎንበስ ካላለ ጣሪያው ይመታዋል፤ ድምፅም እንደዚያው ነው። ዲጂታል ማሽን ላይ ጣሪያው 0 ዴሲቤል ነው። ሞገዱ ከዚያ ለማለፍ ሲሞክር አናቱ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ጆሯችሁ የሚሰማውም የተቀደደ ድምፅ ነው። አናሎግ ላይ ግን ብዙ ጊዜ አናቱ በአንዴ አይቆረጥም፣ ቀስ እያለ ይጎብጣል። ሰዎች «ሞቅ ያለ ድምፅ» የሚሉት በአብዛኛው ይህንን መጉበጥ ነው። የአናሎጉን ጣሪያ የሚወስነው የሚመገበው ኤሌክትሪክ ነው፤ ሰርኪዩቱ ከተሰጠው ቮልት በላይ መወዛወዝ አይችልም።

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ፍፁም ተመሳሳይ የሆኑ ሁለት ድምፆች በአንድ ቅጽበት ሲመቱ ከፍታው በ6 ዴሲቤል ይጨምራል። ስምንት ቢሆኑ ጭማሪው 18 ይደርሳል። ድምፆቹ የተለያዩ ከሆኑ ያንሳል፤ ስምንቱ በአማካይ 9 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራሉ። ስለዚህ እያንዳንዱን ትራክ ለብቻው ጣሪያ እስኪነካ ከፍ አድርጋችሁ ከሆነ፣ ሁሉም አንድ ላይ ሲገቡ እንደ ጀበና ቡና መገንፈላቸው አይቀርም። ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም እኮ!

ይህንን በጆሮዬ ለማየት ሦስት ትንንሽ ማሽኖችን በአንድ ዓይነት ምትና በአንድ ሄድፎን አወዳድሬያለሁ።

የመጀመሪያው በ2013 የወጣው የኮርግ ቮልካ ቢትስ ነው። ኪኩ፣ ስኔሩና ቶሞቹ አናሎግ ናቸው፤ ጭብጨባውን የመሳሰሉት ግን የተቀዱ ድምፆች ናቸው። በስድስት የእስክሪብቶ ድንጋይ ይሠራል። ኪኩ ክብና ጥልቅ ነው፤ ስኔሩ ግን ሳሳ ያለ ነው ተብሎ በተጠቃሚዎች ሲወራ ኖሯል። ድምፁ ወደ ሌላ መሣሪያ የሚወጣው በአንዲት የሄድፎን ቀዳዳ ስለሆነ ኪኩን ከሌላው ለይታችሁ ውጭ ማስተካከል አትችሉም። ሚዛኑን እዚያው ማሽኑ ላይ መጠበቅ አለባችሁ።

ሁለተኛው የስዊድኑ ቲንኤጅ ኢንጂነሪንግ ፒኦ-33 ነው። ካልኩሌተር ያክላል፤ ማይክና ስፒከር አለው፤ በጠቅላላ 40 ሰከንድ ድምፅ ይይዛል። ከበሮ በማይኩ ቀዳሁበት። የታችኛው ጉርምርምታ ቀረና መሃሉ ወደ ፊት ወጣ፤ ልክ ከድሮ ሬዲዮ እንደሚሰማ። ንፁህ ቤዝ ለሚፈልግ ሰው አይሆንም፤ የራሱ ፊት ያለው ድምፅ ለሚፈልግ ግን ደስ ይላል።

ሦስተኛው የእንግሊዙ ኖቬሽን ሰርኪት ትራክስ ነው፤ የ2021። ሁለት ዲጂታል ሲንተሳይዘርና አራት የከበሮ ትራክ አለው። መጨረሻው ላይ ደግሞ ኮምፕሬሰር ተቀምጧል፤ ጣሪያ ሊነኩ የሚንጠራሩትን ድምፆች ጫን ብሎ ጠቅላላውን ያፈረጥመዋል። ከሦስቱ የጠራውና የተስተካከለው እሱ ነው።

ጓደኞቼንም አሰማኋቸው። መጀመሪያ እንዳለ ሲሰሙ ሁሉም ጮክ ብሎ የተሰማውን «ይሄ ነው!» አሉ። ከዚያ ሦስቱንም በከፍታ እኩል አደረግኳቸው። አሁን ሐሳባቸው ተከፋፈለ፤ አንዱ የቮልካውን ኪክ፣ ሌላዋ የፒኦውን ሻካራነት መረጡ። ጆሮ ከፍ ያለውን ድምፅ «የተሻለ» አድርጎ ይወስደዋል፤ ሻጮችም ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ።

የስልክ ስፒከር ነገሩን ያብሰዋል። የ808 ዓይነት ኪክ 50 ኸርዝ አካባቢ ነው የሚያጉረመርመው፤ የስልካችሁ ስፒከር እዚያ አይወርድም። የምትሰሙት የኪኩን «ጠቅ» የምትለዋን ጫፍ ብቻ ነው። በጫፏ ብቻ ፈርዶ ገንዘብ ማውጣት ደግሞ ያስቆጫል።

ስለዚህ ምክሬ ይኼ ነው። ቪዲዮውን በሄድፎን ስሙ፤ ጮክ የሚለውን ቀንሳችሁ ሁለቱን እኩል ካደረጋችሁ በኋላ ፍረዱ። ማሽኑ በእጃችሁ ከገባ ኮምፕሬሰሩን ዝጉና ሁሉንም ትራክ ዝቅ አድርጉ። ኪኩን መጀመሪያ አስገቡ፤ ቀሪዎቹን አንድ በአንድ ጨምሩ። ስትቀዱ ከፍተኛው ምት ከጣሪያው 6 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ እንዲቀር ተዉለት። ድምፁ ካነሰባችሁ የማዳመጫውን ቮሊዩም ጨምሩ እንጂ ማሽኑን አታስጨንቁት። ከዚህ በኋላ የሚቀደድ ድምፅ ካማራችሁ፣ ያኔ አውቃችሁ ግፉት። አውቆ የተገፋ ድምፅ ቃና ነው፤ ሳይታወቅ የተቀደደው ግን ቀረፃውን ያበላሻል፣ ተመልሶም አይስተካከልም።

ውድ የሆነው ማሽን ሁሉ ሰፊ፣ ርካሽ የሆነውም ሁሉ ጠባብ አይደለም። ጠባቡም ቢሆን ልኩን ለሚያውቅ ሰው ጥሩ ቢት ያወጣል። ለወራት ያጠራቀማችሁትን ብር ከማውጣታችሁ በፊት ግን አሥር ደቂቃ ወስዳችሁ ሁለቱን በእኩል ድምፅ አዳምጡ።