ከድንጋዩ ካብ ወዲህና ወዲያ

በኤውሮጳ አቆጣጠር ዲሴምበር 13 ቀን 1862 ዓ.ም. ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በአሜሪካ አገር፣ በቨርጂኒያ ግዛት፣ ፍሬድሪክስበርግ ከምትባለው ከተማ በስተጀርባ ካለው ኮረብታ ሥር አንድ የድንጋይ ካብ ይገኛል። ከካቡ ኋላ የደቡብ ወታደሮች ጠመንጃቸውን ደግነው ይጠባበቃሉ። ከከተማው በኩል ደግሞ በቆባቸው ላይ አረንጓዴ ቅጠል የሰኩ የሰሜን ወታደሮች ሜዳውን አቋርጠው ይመጣሉ። አረንጓዴው ቅጠል የትውልድ አገራቸው የአየርላንድ ምልክት ነው። የጦሩም ስም «የአየርላንድ ብርጌድ» ሲሆን፣ አዛዡ ቶማስ ፍራንሲስ ማኸር ይባል ነበር።

ወደዚያ ካብ ከገሠገሡት 1,200 ያህል ሰዎች ከ500 የሚበልጡት ሞቱ፣ ቈሰሉ ወይም ደብዛቸው ጠፋ። ካቡን ይከላከሉ ከነበሩት የጆርጂያ ክፍለ ጦሮች የአንደኛው አዛዥ ሮበርት ማክሚላንም የአየርላንድ ተወላጅ ነበረ።

አንባቢ ሆይ! ከአንድ አገር የወጡ ሰዎች በሌላ አገር ጠብ ገብተው ከአንድ ካብ ወዲህና ወዲያ ሆነው የተገዳደሉት እንዴት ነው? ይህን ለመረዳት ወደ ኋላ ተመልሰን ከድንች መጀመር አለብን።

ድንች በበሰበሰ ጊዜ

አየርላንድ በዚያን ዘመን በእንግሊዝ መንግሥት ሥር ነበረች። መሬቱ የባላባት፣ አራሹ ጭሰኛ ነበረ። እህሉና ከብቱ ለመሬቱ ኪራይ ስለሚሸጥ ብዙው ድኻ የሚኖረው በድንች ብቻ ነበረ። በ1845 ዓ.ም. በድንቹ ላይ በሽታ ወረደበትና በየማሳው በሰበሰ፤ በተከታዩ ዓመት ደግሞ ይባስ ሆነ። ሰው በረኀብ ሲረግፍ እህል ጭነው ወደ እንግሊዝ አገር የሚሄዱ መርከቦች ግን ከወደቡ መነሣታቸውን አላቋረጡም። አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በረኀብና በተስቦ አለቀ፤ ከሚሊዮን በላይ የሚሆነውም ተሰደደ። ስምንት ሚሊዮን የነበረው ሕዝብ በ1851 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ ስድስት ሚሊዮን ተኩል ያህል ሆኖ ተገኘ።

ስደተኞቹ ኒው ዮርክና ቦስተን ሲደርሱ የጠበቃቸው ኑሮ ከድጡ ወደ ማጡ ነበረ። በፕሮቴስታንቶች አገር ካቶሊኮች ስለ ሆኑ በክፉ ዓይን ይታዩ ጀመር። «ሠራተኛ እንፈልጋለን» የሚሉ አንዳንድ ማስታወቂያዎች «አየርላንዳዊ ግን አይምጣ» የሚል ይጨምሩበት ነበር። ወንዶቹ በወደብ ሸክምና በሐዲድ ሥራ፣ ሴቶቹ በቤት ሠራተኝነት ተቀጠሩ። በደቡብማ አንዳንድ ባለሀብቶች ለአደገኛ ሥራ ከባሪያ ይልቅ አየርላንዳዊ ይመርጡ ነበር። ምክንያቱም ባሪያው ቢሞት የጌታው ገንዘብ ይጠፋል፤ አየርላንዳዊው ቢሞት በማግሥቱ ሌላ ይቀጠራል።

እንግዲህ ይህን የመሰለ ውርደት የቀመሰ ሰው ለባሪያው ቀድሞ ሊያዝን አይገባውም ነበርን?

ሁለት መካሪዎች

ይህን ያሰበ አንድ ታላቅ አየርላንዳዊ ነበረ። ስሙ ዳንኤል ኦኮነል ነው። ለካቶሊኮች መብት የታገለው ይህ ሰው ባርነትን አጥብቆ ይጠላ ነበር። በ1841 ዓ.ም. እሱና ሌሎች 60,000 ያህል አየርላንዳውያን የፈረሙበት ጽሑፍ በአሜሪካ ላሉ ወገኖቻቸው ተላከ፤ ቃሉም ከጥቁሮች ጋር ወዳጅ ሁኑ፣ ባርነት እንዲጠፋም ከሚታገሉት ጋር ቁሙ የሚል ነበረ። ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ደግላስም በ1845 ዓ.ም. ደብሊን ሄዶ ኦኮነል ሲናገር ሰምቷል።

ነገር ግን በአሜሪካ የነበሩት ወገኖቹ ምክሩን አብዛኞቹ አልተቀበሉትም። ባርነትን ከሚቃወሙት መካከል ካቶሊኮችን የሚንቁ ነበሩ፤ ከዚህም በላይ ስደተኛው አሜሪካዊነቱ ገና ስላልታመነለት የሚያስወቅሰውን ነገር ፈራ።

ሌላው መካሪ ጆን ሚቸል ነበር። በእንግሊዝ መንግሥት ላይ በመነሣቱ በ1848 ዓ.ም. ተግዞ በኋላ ወደ አሜሪካ ያመለጠው ይህ ሰው፣ ለአየርላንድ ነጻነት እየጮኸ የጥቁሮችን ባርነት ግን ትክክል ነው እያለ ይጽፍ ነበር። ጦርነቱ ሲነሣ ልጆቹ ከደቡብ ጋር ተሰለፉ፤ ከእነሱም ሁለቱ በዚያው ወድቀው ቀሩ።

ሦስት መቶ ዶላር

በ1860 ዓ.ም. በአሜሪካ አራት ሚሊዮን ያህል ባሪያዎች ነበሩ። አብርሃም ሊንከን በተመረጠ ጊዜ የደቡብ ግዛቶች መገንጠል ጀመሩ፤ በመጨረሻም ተገንጣዮቹ 11 ሆኑ። በኤፕሪል 1861 ዓ.ም. ጦርነቱ ተከፈተ። በሰሜን በኩል 150,000 ያህል፣ በደቡብ በኩል 20,000 ያህል የአየርላንድ ተወላጆች ተሰለፉ። አንዱ ለደመወዝ፣ ሌላው ለአዲሱ አገሩ ታማኝነቱን ለማሳየት ዘመተ፤ ብዙው ግን ኑሮው ከነበረበት ወገን ጋር ቆመ።

በጃንዩዌሪ 1863 ዓ.ም. ሊንከን በተገነጠሉት ግዛቶች ያሉ ባሪያዎች ነጻ መሆናቸውን ዐወጀ። በማርች ወር ደግሞ የግዳጅ ዘመቻ ሕግ ወጣ፤ ይኸውም ስሙ በዕጣ የወጣ ሁሉ ይዘምታል፤ 300 ዶላር የከፈለ ግን ይቀራል የሚል ነበረ።

አንባቢ ሆይ፣ ራስህን በኒው ዮርክ ወደብ ከሚሠራ ወዛደር ቦታ አድርገህ ተመልከት። ሦስት መቶ ዶላር የዓመት ደመወዝህን ያህላል። በጁን ወር ደመወዝ ይጨመርልን ብለህ ሥራ ብታቆም በቦታህ ጥቁሮች ተተኩ። አሁን ደግሞ ነጻ የሚወጡት ባሪያዎች መጥተው እንጀራህን ሊነጥቁህ ነው የሚል ጋዜጣ ይነበብልሃል። ዕጣ ሲወጣም የሀብታሙ ልጅ ገንዘብ ከፍሎ ሲቀር ታያለህ። በማን ላይ ትነሣለህ?

በጁላይ 13 ቀን ሕዝቡ ተነሣ፤ ከሁከተኞቹም ብዙዎቹ አየርላንዳውያን ነበሩ። መጀመሪያ ዕጣ የሚወጣበትን ቤት አቃጠሉ። ወዲያው ግን ቁጣው ወደ ጥቁሮች ዞረ። በአምስተኛው ጎዳና የነበረውን የጥቁሮች እጓለ ማውታ ማሳደጊያ ዘርፈው በእሳት አጋዩት፤ ከ200 የሚበልጡት ሕፃናት በኋላ በር ወጥተው አመለጡ። ጥቁሮች በመንገድ ላይ እየተያዙ ተሰቀሉ። በአራት ቀን ውስጥ 120 ያህል ሰው ሞተ። ሁከቱን ሊያበርዱ ከወጡት ፖሊሶችም መካከል አየርላንዳውያን ነበሩ፤ ኮሎኔል ሄንሪ ኦብራየን የተባለውን አየርላንዳዊ የጦር አዛዥ ሁከተኞቹ ቀጥቅጠው ገደሉት።

ጦርነቱ በ1865 ዓ.ም. አበቃ፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ባርነት በሕግ ተሻረ። በኒው ዮርክ ግን በ1860 ዓ.ም. ከ12,000 በላይ የነበሩት ጥቁሮች በ1865 ዓ.ም. ከ10,000 በታች ሆነው ተገኙ፤ ብዙዎቹ ከተማውን ጥለው ሄደው ነበር።

የሦስት መቶ ዶላሩን ሕግ ወላጅ አልባዎቹ ሕፃናት አላወጡትም። የወዛደሩን ደመወዝ የወሰነውም ጥቁሩ ወዛደር አልነበረም። ሕግ አውጭው ሩቅ፣ ባለሀብቱም የተጠበቀ ስለ ነበረ ዱላው ቅርብ በተገኘው ድኻ ላይ አረፈ። መከራ ያየ ሁሉ ለተጨቆነ ያዝናል ብለን እንድናምን ልባችን ይፈልጋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። አንድ ረኀብ ያሰደደው ሕዝብ ኦኮነልንም ሚቸልንም ሰምቶ ነበር። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ እንጀራህን የሚነጥቅህ ያ ድኻ ነው የሚልህ ሰው ሲመጣ፣ ዱላህን ከማንሣትህ በፊት ደመወዝህን የሚወስነው ማን እንደ ሆነ ጠይቅ።