«ከጓሮ የተቀጠፈ ሁሉ ንጹሕ ነው» ስለሚባለው

«ኬሚካል አልነካውም፤ ስለዚህ ንጹሕ ነው» የሚለው ቃል በካዛንቺስ ግቢዎች እንደ ሃይማኖት አንቀጽ ሲነገር ኖሯል፤ ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ወዲህም የጓሮ እርሻ «የሌማት ትሩፋት» በሚል ስም በየመንደሩ ሲሰበክ ይኸው ቃል ብዙ ደቀ መዛሙርት አፍርቷል፤ በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ ከተማው ዳርቻ የሄዱት ነዋሪዎችም ከጤና አዳማቸው ችግኝ ጋር ሳይዙት የሄዱ አይመስለኝም። ጓሮ ማልማት የሚመሰገን ተግባር ነው። የሚያስቈጣኝ ግን በዚህ ቃል ጥላ ሥር ሁለት ነገሮች፣ ማለት ትኩስ ፍግና የወንዝ ውሃ፣ ያለ ምርመራ ወደ ሕፃናት ገበታ መድረሳቸው ነው።

ለእምነቱ የሚገባውን ክብር አስቀድሜ ልስጠው። አያቶቻችን ዐመዱንም ፍጉንም ከቤታቸው ጀርባ እያፈሰሱ ጎመን ሲያበቅሉ ኖረዋል፤ ከዚያም የተነሣ ይህን ያህል መከራ አልደረሰባቸውም። ምክንያቱ ግን ፍጉ በባሕርዩ ንጹሕ በመሆኑ አልነበረም፤ ጎመኑ ስለሚቀቀል፣ ኮሰረቱና በሶብላውም ከቅቤ ጋር ስለሚነጠሩ ነው እንጂ። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው ገና 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ቢሆንም፣ ይህ ሙቀት ተሐዋስያንን ለማጥፋት ይበቃል። ዛሬ በዚያው መደብ ላይ የተተከለው ሰላጣና ካሮት ናቸው፤ እነዚህም እሳት ሳይነካቸው ይበላሉ። ልማዱ ሳይለወጥ አትክልቱ ተለወጠ።

የዶሮ ኩስ ትኩሱን ሲደፋ በውስጡ ያለው አሞንያ የችግኙን ሥር ያቃጥላል፤ ከዚህም ሌላ ሳልሞኔላ የተባለውን ተሐዋሲ ሊያመጣ ይችላል። የላም እበትም ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ የሚያመጣ ተሐዋሲ አንዳንድ ጊዜ ይገኝበታል። የተፈጥሮ ግብርናን በሕግ ከሚቈጣጠሩት አገሮች አንዷ አሜሪካ፣ ጥሬ ፍግ ከተጨመረ በኋላ የሚበላው ክፍል አፈር የሚነካ እንደ ሆነ 120 ቀን፣ የማይነካ እንደ ሆነ 90 ቀን ሳይሞላ ምርቱ እንዳይሰበሰብ ደንግጋለች፤ እንግዲህ ሰላጣ ከተተከለ በሁለት ወር የሚቈረጥ መሆኑን ያሰበ ሰው፣ ዛሬ የተደፋው ፍግ ለዚህ ሰላጣ እንደማይሆን ያለ አስረጂ ይረዳዋል። መድኃኒቱ ክምር ነው፤ ፍጉን ከገለባና ከቅጠል ጋር ደራርቦ፣ እርጥበቱን ጠብቆ፣ ውስጡ ከ55 ዲግሪ በላይ እስኪግል ማቈየት፣ የውጪውንም ወደ ውስጥ ደጋግሞ ማገላበጥ። ትንሽ ክምር እንዲህ ላይግል ስለሚችል፣ በጠባብ ግቢ የሚሠራ ሰው ወራት ቢያሳልፍበት ይሻለዋል።

የወንዙ ነገር ከዚህ ይብሳል። ቀበናና ባንተ ይቀጡ የከተማውን መካከል አቋርጠው ወደ ትልቁ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አባ ሳሙኤል ሲወርዱ የየመጸዳጃ ቤቱን ፍሳሽ ተሸክመው ነው። «ጥቁር ውሃ መሬቱን ያሰባል» የሚሉ ሰዎች ሐሰት አልተናገሩም፤ ፍሳሽ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ስላለበት ቅጠሉ በእርግጥ ይለመልማል። ነገር ግን ያንን ልምላሜ እያሳዩ ስለ ጤንነቱ ምስክር የሚያቀርቡትን ሰዎች ለመስማት ትዕግሥቴ አልቋል። አንዲት የወስፋት እናት በቀን እስከ 200,000 ዕንቁላል ትጥላለች፤ ዕንቁላሉም በእርጥብ አፈር ውስጥ ለዓመታት ሊኖር ይችላል፤ በኮምጣጤ ወይም በበረኪና የተነከረ ሰላጣም ከሌላው ተሐዋሲ ብዙ ሸክም ቢያራግፍም፣ ከወስፋት ዕንቁላል ነጻ ወጣ ማለት አይደለም። ወደ አቃቂ ሲወረድ ደግሞ ከቆዳ ፋብሪካዎች የሚወጣው ክሮሚየም ይጨመራል፤ ይህን የመሰለውን ብረት መቀቀልም አያጠፋውም፤ ቆስጣና ሰላጣን የመሰሉ ቅጠላ ቅጠሎችም ከቲማቲም ይልቅ ይሰበስቡታል። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን መናገር ቀላል እንዳልሆነ ዐውቃለሁ፤ ቢሆንም በክረምት ከጣራ የተጠራቀመው ውሃ፣ ሩዝና አትክልት የታጠበበትም ሳይቀር፣ ከወንዙ ይመረጣል።

ሌሎቹ ተረቶች ይህን ያህል አያደክሙም። በቀትር የፈሰሰ የውሃ ጠብታ ለስላሳ ቅጠልን እንደ መነጽር አያቃጥልም፤ ጧትና ማታ ማጠጣት የሚሻለው ውሃው በከንቱ እንዳይተን ነው። የቡና አተላ አፈሩን አያኮመጥጥም፤ ከተፈላ በኋላ ኮምጣጣነቱ አብዛኛው ሄዷል፤ ወፍራም ሆኖ ከተነጠፈ ግን ደርቆ ውሃ አያሳልፍም። ዐመድ ለኮምጣጣ አፈር ይረዳል፤ ያለ ልክ ሲበተን መሬቱን ያበላሻል። ነጭ ሽንኩርት በጎመን መካከል ቢተከል ተባይ ያባርራል የሚባለውን የፈተኑ ሰዎች ውጤታቸው እርስ በርሱ አይስማማም፤ መደቡ ከተረፈ ማንም አይከለክልም፤ ሽንኩርቱ ለወጥ ይሆናል። የትምባሆ ውሃ መርጨት ግን ይቅር፤ ኒኮቲን ከቅጠል ስለ ወጣ መርዝነቱ አይቀንስም፤ ከትምባሆውም ቲማቲምን የሚያዥጐረጕር የቫይረስ በሽታ ሊተላለፍ ይችላል። ጤና አዳም ራሱ፣ ያ ከቡና ጋር የምንወደው መዓዛ፣ ጭማቂው ቆዳ ላይ አርፎ ፀሐይ ሲመታው ውኃ እስኪቋጥር ድረስ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ብዙ የሚቈርጥ ሰው ፀሐይ ሳትበረታ ቢቈርጥና እጁን ወዲያው ቢታጠብ ይበጀዋል።